ሳሙና የነካው ሙቀጫ

«በሳሙና! የእናቴን ሙቀጫ በሳሙና አጥባዋለች እኮ ነው የምላችሁ!»

«አልነካሁትም፤ ስንቴ ልንገርዎ?»

«እና ማን ነካው? መልአክ ወርዶ አጠበው?»

መርማሪ ኦፌሊያ ዛማሪፓ የሽቦ ወንፊቱን በር ገፍታ ወደ ካንቱ ቤተሰብ ወጥ ቤት ስትገባ ለእሷ ብሎ ጠቡን ያቋረጠ አልነበረም። የሚጮሁት የሟቿ ታናሽ እህት አክስት አምፓሮ ናቸው፤ ጥቁር ከለበሱ አራተኛ ቀናቸው ነው። ባለ ሦስት እግሩን የድንጋይ ሙቀጫ እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። ጀርባዋን ለዕቃ ማጠቢያው ሰጥታ የቆመችው ምራቲቱ ኖሄሚ ናት። የቤቱ ታናሽ ልጅ ከሰሜን፣ ከኦሃዮ አግብቶ ያመጣት ሴት ነች፤ እሱ ከሞተ ሁለት ዓመት ቢያልፈውም ከአማቷ ተለይታ አልሄደችም። ለዚህ ቤት ግን ዛሬም «ያቺ የሰሜኗ» ነች።

«ደግ መጣሽ» አለ ሮሄልዮ፣ የሟቿ የበኩር ልጅ፣ በሩን በትከሻው ሞልቶት። መካኒክ ነው፤ ከኦፌሊያ ጋር እዚሁ ሳን አንቶኒዮ ምዕራብ ሰፈር አንድ ክፍል ተምረዋል። «ቅመሙን የፈጨችው እሷ፣ ሥጋውን የጠበሰችው እሷ። ምን ትጠብቂያለሽ? አትወስጃትም?»

እህቱ ዴልፊናም እዚያው ናት። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም፤ ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጣ የታጠቡ የአፍ መጥረጊያ ጨርቆች አራት ማዕዘን እያደረገች ታጥፋለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የቤቱ እመቤት ዶኛ ሄኖቬቫ ካንቱ እሑድ ምሳ ላይ እንደ ወትሯቸው ሥጋ በበቆሎ ቂጣ የተጠቀለለበትን የመጀመሪያውን ታኮ አነሡ። ሁለቴ ገመጡ፤ ሦስተኛውን አልደገሙም። ጉሮሯቸው አብጦ ሕይወታቸው ሲያልፍ ሐኪሙ «ልብ ነው» ብሎ ነበር። ኋላ ግን ከሳህናቸው የተረፈው ሥጋ ሲመረመር የኦቾሎኒ ዱቄት ተገኘበት። ኦቾሎኒ ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ ለእሳቸው መርዝ ነው። ለዚህ ሲባል የኦቾሎኒ ፍሬ የዚያን ቤት ደፍ ተሻግሮ አያውቅም፤ ተፈጭቶ የሚሸጥ የሱቅ ቅመምም እንደዚያው፤ ምን እንደገባበት ማን ያውቃል? ግራ ያጋባው ቅመሙ ራሱ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተገኘው ጠርሙስ ተመርምሮ ንጹሕ ሆነ።

የኦፌሊያ አለቃ ዛሬ ጠዋት ቁርጡን ነግረዋታል፦ እስከ ምሽት ሌላ ነገር ካልተገኘ ኖሄሚ ትታሰር።

ኦፌሊያ ሙቀጫውን ከአክስት አምፓሮ እቅፍ በግድ ተቀብላ አሸተተችው። እውነት ነው፤ የሎሚ ሽታ ያለው ሳሙና። ከፀጉሯ መርፌ ነቅላ የድንጋዩን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ጫረች። ነጭ ዱቄት ወጣ። በጣቶቿ መሃል አሸችውና ሙቀጫውን መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያም ሌሎቹን አስወጥታ ኖሄሚን አስቀረቻት።

«ቅዳሜ ምን ነበር?»

«እማማ ጠሩኝ። ‹ነይ፣ ዛሬ ቅመሙን ትማሪያለሽ› አሉኝና በሩን ዘጉ። ከዚያ በፊት ለማንም አሳይተው አያውቁም፤ ሊፈጩ ሲሉ ዴልፊናን ልብስ አስጪ ብለው ወደ ጓሮ ይልኳት ነበር።»

«ምን ምን ገባበት?»

ኖሄሚ ከንፈሯን ነከሰች። «ለማንም አልናገርም ብዬ ምያለሁ።»

«ቃል የገባሽላት ሞታለች። የምትታሰሪው አንቺ ነሽ።»

«… ደረቅ በርበሬ። ምጣድ ላይ እስኪዘል የተቆላ ከሙን። ኦሬጋኖ የሚባለው ደረቅ ቅጠል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው። እና ጥፍር የምታክል ቀረፋ። ‹ሰው እንዳያውቃት፣ ስትቀር ግን እንድትናፍቅ› አሉኝ።»

«ሙቀጫውንስ?»

«በውሃ አለቀለቁት። ሳሙና ሳነሳ እጄን በማንኪያ መቱኝ። ‹ድንጋይ የበላውን አይረሳም› አሉ። ከዚያ ከእሳቸውና ከአክስት አምፓሮ ጋር ለማምሻው ቅዳሴ ወጣን።»

«ሩዝ አልፈጫችሁበትም?»

«ሩዝ?» ኖሄሚ ግራ ተጋብታ አየቻት። «ሩዝ ለምን ይፈጫል?»

ኦፌሊያ ከምርመራ የተመለሰውን የቅመሙን ጠርሙስ ከፍታ አፍንጫዋን አስጠጋች። ረጅም ጊዜ አሸተተችው።

አክስት አምፓሮ በረንዳ ላይ ነበሩ።

«ሩዝማ አዲስ ሙቀጫ ሲገዛ ነው» አሉ በንቀት። «አሸዋውንና ሽታውን እንዲያወጣ፣ ዱቄቱ ነጭ እስኪሆን ይፈጫል። የዛማሪፓ ልጅ ሆነሽ ይሄ ጠፋሽ? የእኛ ስልሳ ዓመት አልፎታል፤ ማን ሩዝ ይፈጭበታል!»

«ሮሄልዮ ይህን ያውቃል?»

«እሱ? ጨው የት እንደሚቀመጥ አያውቅም!»

«ዴልፊናስ?»

«የሰፈሩን ሁሉ አዲስ ሙቀጫ ስትገራ የኖረችው እሷ አይደለችም?»

«ቅመሙንስ እርስዎ ያውቁታል?»

«እናቴ ለሁለታችን ነው ያስተማረችን። አንቺ ግን ከእኔ አፍ አታገኚውም።»

ዴልፊና ጨርቅ ማጠፏን ሳታቆም ነው የተጠየቀችው።

«ቅመሙ? በርበሬ፣ የተቆላ ከሙን፣ ኦሬጋኖ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው። ሌላ ምን ሊኖረው?»

«እናትሽ አስተማረችሽ?»

«አፍንጫ አለኝ።»

«እናትሽ ስትወድቅ የት ነበርሽ?»

«የአለርጂ መርፌዋን ከመኝታ ቤት አምጪ አሉኝ፤ አመጣሁ።»

«ሬሳ ሆና ስታበቃ!» ሲል ሮሄልዮ ከኮሪደሩ አምባረቀ።

«ሁሉም አምቡላንሱን ተከትለው ሲወጡስ?»

«እሳቱን ላጠፋ ቀረሁ። እዚህ ቤት የሚቀረው መቼም እኔ ነኝ።»

ኦፌሊያ ከመንገዱ ጥግ ካለው ሱቅ የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ ያልተፈጨ ቅመማ ቅመምና የበቆሎ ቂጣ ገዝታ ተመለሰች። ኖሄሚ ከጎረቤት በተዋሱት ሙቀጫ፣ በአማቷ ዘዴ አዲስ ቅመም እንድትፈጭ፣ ከዚያም ሥጋውን በሁለት መጥበሻ እንድትሠራ አዘዘቻት፤ አንዱን በአዲሱ ቅመም፣ ሌላውን በጠርሙሱ።

«በለቅሶ ቤት ታኮ?» ሮሄልዮ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። «ከገዳያችን እጅ ልንበላ?»

«ቁጭ በል፣ ሮሄልዮ። አራተኛ ክፍልም እንዲሁ ነበር የምትጮኸው።»

ኖሄሚ ሥጋውን በማንኪያ እየሰበረች በራሱ ስብ ጠበሰችው፤ ቅመሙን በተነች፤ ጥቂት ውሃ ጨምራ መረቁ እስኪመጥ ጠበቀች። ቂጣ ስታገላብጥ ጣቷን ተቃጠለች፤ አይዞሽ ያላት የለም። አራቱም ከመርማሪዋ ጋር ጠረጴዛውን ሲከቡ ኦፌሊያ የመጀመሪያውን ታኮ ለአክስት አምፓሮ አቀበለች።

አሮጊቷ ተጸይፈው ገመጡ። ከዚያ ማኘካቸውን አቆሙ፤ ዓይናቸው በእንባ ሞላ።

«ሄኖቬቫ» አሉ በቀስታ።

«አሁን ይሄኛውን።»

ሁለተኛውን ቀምሰው ወዲያው ሳህኑ ላይ ጣሉት። «ይሄ ምን ይባላል? ቀረፋው የታለ!» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ሁለተኛው በዚህ ጠርሙስ የተሠራ ነው» አለች ኦፌሊያ። «እሑድ የበላችሁት ሥጋ ኦቾሎኒ ነበረበት፤ ጠርሙሱ ግን የለበትም። ቅዳሜ የገባበት ቀረፋም የለበትም። ስለዚህ ይሄ ዶኛ ሄኖቬቫና ኖሄሚ የሞሉት ጠርሙስ አይደለም። ሰው ለውጦታል። ማን ለወጠው? ቀረፋውን የማያውቅ ሰው። ኖሄሚ ታውቃለች። አክስት አምፓሮ ያውቃሉ።»

«እኔም እኮ አላውቅም!» አለ ሮሄልዮ።

«አታውቅም። ግን ሙቀጫውን ተመልከት። ቅዳሜ ሦስቱ ቅዳሴ ሲሄዱ ቤት የቀራችሁት አንተና ዴልፊና ናችሁ። ኦቾሎኒው በዚህ ድንጋይ ተፈጭቶ የቅመሙ ጠርሙስ ውስጥ የተጨመረው ያኔ ነው። የፈጨችው ሰው ድንጋይ የበላውን እንደማይረሳ ስለምታውቅ በሳሙና ፈገፈገችው፤ የሳሙናውን ሽታ ሊያወጣላት ደግሞ ሩዝ ፈጨችበት። ዱቄቱ አሁንም ቀዳዳው ውስጥ አለ። እናንተ ‹ሳሙና የባዕድ ሥራ ነው› አላችሁ። ባዕድ አጥቦ ይሄዳል። ሙቀጫ በሩዝ መግራት የዚህ ቤት ሰው እውቀት ነው። ኖሄሚ ሩዙን ሰምታው አታውቅም፤ አንተም እንዲሁ።»

ሮሄልዮ ቀስ ብሎ ወደ እህቱ ዞረ።

«ቀረፋውን አታውቅም፤ ሩዙን ታውቃለች። እናቷ ስታቃስት መርፌ ልታመጣ ሄዳ ዘገየች። ሁሉም ሲወጡ ብቻዋን ወጥ ቤት ቀርታ ኦቾሎኒ ያለበትን አንሥታ በምትኩ ራሷ ያዘጋጀችውን ጠርሙስ አስቀመጠች። ሐኪሙ ልብ ነው ሲል ያለቀ መስሏት ነበር።»

የዴልፊና እጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ጨርቁ ላይ ቆሙ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት» አለች። «አጠብኳት፣ አበጠርኳት፣ ያጨኝን ሰው በእሷ ምክንያት መለስኩ። ቅመም በፈጨች ቁጥር፣ ‹ዴልፊና፣ ልብስ አስጪ።› የሚሰጣ ሲያልቅ የደረቀ ልብስ አስጥቻለሁ! ቅዳሜም ገመዱ ሥር ቆሜ በመስኮቱ አየኋት። እጇን ይዛ ስታስተምራት። ለእኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ያልተከፈተ በር ለዚህች…»

«አንቺ እባብ!» ሮሄልዮ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ። አክስት አምፓሮ «የእኔ እህት! የእኔ እህት!» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ሮሄልዮ ዞረው «አንተስ ቤት ተቀምጠህ ዓይንህ የት ነበር?» ይላሉ። እሱም «እርስዎ አይደሉ ጣትዎን ወደ ሌላ የጠቆሙት!» ብሎ ይመልሳል። ኦፌሊያ በአንድ እጇ የዴልፊናን ክንድ ይዛ በሌላው ሮሄልዮን ትገፋለች። ሦስቱ ዘመዳሞች በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ።

ኖሄሚ የሁለቱንም መጥበሻ እሳት አጠፋች። ሽርጧን ፈትታ ዶኛ ሄኖቬቫ ይሰቅሉበት በነበረው ምስማር ላይ ሰቀለችው። የተቃጠለ ጣቷን እንደያዘች ከማቀዝቀዣው ጎን ቦርሳዋን አንሥታ፣ የሽቦ ወንፊቱ በር እንዳይንኳኳ በመዳፏ ደግፋ ወጣች።

«ሙቀጫውን ማንም እንዳይነካው!» ይላሉ አክስት አምፓሮ።