ማርጎ የከፈተችው ቅጠል

ቲሊ መዳፏን ቡናማ ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ ማተም ነበረባት። እሷ ግን ዞር አለችና የማርጎ ነጭ ሹራብ ላይ፣ ልክ ሆዷ ላይ፣ ልጥፍ አደረገችው!

«ቲሊ!»

አባቷ ብድግ ሲል የተቀመጠባት የልጆች ወንበር ዳሌው ላይ ተሰክታ አብራው ተነሣች። ወንበሯን ታግሎ ካላቀቀ በኋላ እርጥብ ፎጣ አንሥቶ ሹራቡን ለማጽዳት ተጣደፈ። ቀለሙን ከሆዷ እስከ ጎኗ አዳረሰው።

«ተው፣ ተው... አበላሸኸው!» አለች ማርጎ ሳቋ እያመለጣት። «አራቱ ጣት ላባ፣ አውራ ጣቷ አንገት። የሚያምር የተርኪ ዶሮ ነበር እኮ! አንተ መጥተህ ዳጥከው።»

ሰውየው እስከ ጆሮው ቀላ። «ገና ስማችንን ሳንነግርሽ እጃችንን አነሣንብሽ።»

«እንግዲያው አሁን ንገሩኛ።»

«ረስል እባላለሁ። ይቺ ተደባዳቢ ደግሞ ቲሊ ናት።»

ቲሊ ቀለም የጠገበ እጇን ዘረጋች፤ ማርጎ ጨበጠቻት። ቀና ስትል የረስል ዓይኖች ፊቷ ላይ ነበሩ... ቶሎም አልተነሡም። የእሷም እንደዚያው።

ይህ የሆነው ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ኦልደር ክሪክ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ማርጎ በምትሠራበት ቤተ መጻሕፍት ነው። ኅዳር ከገባ ጀምሮ በወሩ ማብቂያ ሐሙስ የሚውለው የምስጋና ቀን በዓል እስኪደርስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ወላጆች ትንንሽ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። በእጅ ቅርጽ ተርኪ ይሠራሉ፤ የጥድ ፍሬ ላይ የወረቀት ላባ ይለጥፋሉ። ከሁሉ የሚወዱት ግን የምስጋና ዛፉን ነው። አሸዋ የተሞላ ባልዲ ውስጥ ደረቅ ቅርንጫፍ ይቆማል፤ ሁሉም ያመሰገነበትን ነገር በቀይና በብጫ ወረቀት ቅጠል ላይ ጽፎ ያንጠለጥልበታል። መጻፍ ያልቻለ ይሥላል። ሰው እንዲያይበት ያልፈለገ አጥፎ በክር ያስረዋል። በዋዜማው እያንዳንዱ ቤተሰብ ቅጠሉን ለቅሞ ይወስድና በበዓሉ ማዕድ ላይ ያነበዋል።

«የታጠፈውን አንቺም አታዪውም?» ብላ ጠየቀቻት ቲሊ በዚያው ቀን።

ማርጎ ቀኝ እጇን አነሣች። «ማንም አያየውም። እኔም ጭምር። ቃሌ ነው!»

ማርጎ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። አንድ ጊዜ ታጭታ ነበር። አራት ዓመት ያመነችው ሰው ሌላ ሴት ሊያገባ መሆኑን የሰማችው ጸጉር ቤት ተቀምጣ፣ ከጎኗ ካሉ ሴቶች ወሬ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ስትቀርብ ግማሽ ልቧን ቤት ቆልፋበት ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ረስል ከሁሉ ቀድሞ መጣ። ሥራው የወተት ቦቴ መንዳት ነው፤ ወፋፍራም ጣቶቹ የልጆቹ መቀስ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ማርጎ ላባውን ትቆርጥለታለች፤ እሱ ኮላ ይቀባል። በሦስተኛው ቅዳሜ ሰዉ ሁሉ ሲሄድ እሱ ቀርቶ ብሩሾቹን አጠበላት።

«አንተ ሥራ የለህም?» አለችው።

«ላሞቹ ለዛሬ ራሳቸውን ይቻሉ።»

«ላሞቹስ ይሁኑ። ቤት የሚጠብቅህ ሰው የለም?» ይህን ስትል ብሩሽ የምትቆጥር መስላ አቀርቅራ ነበር።

ረስል ቧንቧውን ዘጋ። «የቲሊ እናት ሞታለች። ሁለት ዓመት ተኩል ሆናት።» ብሩሹን አራገፈ። «ቲሊ እንዳትሰማኝ እንጂ... ቅዳሜን ከእሷ ይልቅ የምናፍቀው እኔ ሆኛለሁ።»

ማርጎ የታጠበውን ብሩሽ እንደገና አቀበለችው። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሞቀ።

መጽሐፍ ማዋሻው ጠረጴዛ ላይ ሠላሳ ዓመት የተቀመጡት ወይዘሮ ኤድና እሱ እንደወጣ ጠሯት። «ልጄ፣ ያ ሰውዬ ብሩሾቹን መላጣ ሊያደርጋቸው ነው። ቶሎ አንድ ነገር በይው!»

አራተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ማርጎ ከንፈሯን ቀብታ፣ ጉትቻ አድርጋ በሩን በሩን ስታይ፣ ቲሊ በሌላ ሴት ጀርባ ታዝላ ገባች፤ ረስል ከኋላቸው ነበር።

ሴትዮዋ ረጅም ነች፤ ጸጉሯ እንደ መዳብ ያበራል። የለበሰችው ጃኬት የረስል ነው። ማርጎ በኪሱ ስፌት ለየችው።

«ሚስ ማርጎ! ኮኮ ጸጉሬን ሠራችኝ! እዪ፣ እንደ አክሊል!»

«ያምራል...» አለች ማርጎ።

«ኮሊን እባላለሁ» አለች ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ። «ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጠፉብኝ እዚህ ነው ለካ!»

የሚጠፉብኝ! ያቺ «ብኝ» ማርጎን እንደ መርፌ ወጋቻት።

ኮሊን ከረስል ጎን ተቀመጠች። ከኮሌታው ላይ ክር ለቀም አደረገችለት። ትከሻውን ጠረግ ጠረግ አደረገችለት። «ረስ፣ የዱባውን ኬክ ዘንድሮም እኔ ልጋግር አይደል?»

«ካንቺ ሌላ ማን ይችልበታል!» አለ ረስል፣ ኮላው እንዳይፈስበት እየተጨነቀ።

ማርጎ ከሩቅ ሆና ታያለች። ዓይኔን ላንሣ ትላለች፤ ዓይኗ እንቢ ይላታል። እንዲህ ያለች ሴት ቤት እያለችው ለምን ብሩሽ ያጥብልኛል? መጫወቻ አደረገኝ ማለት ነው?

ረስል ወረቀትና መቀስ ይዞ መጣ። «ማርጎ፣ ላባዬን አትቆርጪልኝም?»

«የሚቆርጥልህ ሰው ይዘህ መጥተሃል እኮ።»

«ኧረ... ምን አጠፋሁ?»

«ምንም!»

ግራ ተጋብቶ ተመለሰ። ከዚያ አንድ ቀይ ቅጠል አነሣና በእጁ ከልሎ ረጅም ነገር ጻፈ። ኮሊን አንገቷን ስታሰግግ፣ «አይታይም!» ብሎ ሦስቴ አጥፎ ዛፉ ላይ አሰረው።

ሲወጡ ብቻውን ወደ ማርጎ ጠጋ አለ። «ሐሙስ... ለበዓሉ የት ነሽ? እኛ ዘንድ—»

«ሰው ይጠብቀኛል» አለች ቆረጥ አድርጋ። ውሸቷን ነበር።

«ሰው?»

«አዎ፣ ሰው! ላንተ ብቻ ነው እንዴ ሰው የተፈጠረው?»

ረስል ኮፍያውን እጁ ላይ አዙሮ አዙሮ፣ «ገባኝ» ብሎ ወጣ።

ወይዘሮ ኤድና ምሳ ሲሄዱ ክፍሉ ጭር አለ። ማርጎ ዛፉ አጠገብ ቆመች። ሄደች። ተመለሰች። ከዚያ... ክሩን ፈታችው።

«ለኮሊን። ቤታችን ሊፈርስ ሲል ደግፈሽ ያቆምሽው አንቺ ነሽ። ቲሊ እንደገና የሳቀችው በአንቺ ነው። ለእኔም የምግብ ጣዕም የተመለሰልኝ በአንቺ እጅ ነው። የትም ብትሆኚ ያንቺ ነን። ረስል።»

ቅጠሉን አይታ ቅጥል አለች። ደግማ አነበበችው። ሠልሳ አነበበችው። ከዚያ ጨምድዳ ኪሷ ከተተችው፤ ወደ ቤቷ ስትሄድ የመንገድ ዳር ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ወረወረችው። ዞራም አላየችው።

ረቡዕ፣ በበዓሉ ዋዜማ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ቅጠሉን ሊለቅም መጣ። ክፍሉ በልጆች ጫጫታ ተሞላ። ቲሊ ዛፉን ዞረችው፤ ደግማ ዞረችው፤ ባልዲው ሥር ገብታ ፈለገች።

«የአባዬ ቅጠል የለም!»

«ይኖራል፣ በደንብ እይ» አለ ረስል።

«የለም! ቀይ ነበር፣ እዚህ ጋ ነበር!» ከንፈሯ ተንቀጠቀጠና ለቅሶዋን ለቀቀችው።

ወይዘሮ ኤድና እየተንከላወሱ መጡ። «አዲሱ የጽዳት ሠራተኛ ይሆናል። ቆሻሻ መስሎት ነዋ! ነግሬዋለሁ እኮ፣ ዛፉን አትንካ ብዬ! ቆይ ላግኘው...»

ማርጎ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ግን ያ የጽዳት ሠራተኛ ምን በደላት?

«እሱ አይደለም። እኔ ነኝ» አለች።

ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ከፍቼ አነበብኩት። ከዚያ... ጣልኩት።»

ቲሊ ለቅሶዋን አቁማ አፍጥጣ አየቻት። «ቃሌ ነው ብለሽ ነበር!»

ረስል ቀስ ብሎ ጠጋ አለ። «ለምን?»

ማርጎ ዙሪያዋን አየች። ያ ሁሉ ወላጅ ይሰማል። ዓይኗን ወደ ባልዲው አሸዋ መለሰች።

«በእኔ ብትቀልጂ ግድ የለኝም» አለ ረስል፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ልጄን ግን ዋሸሻት።» ቲሊን አቀፋትና ሄደ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የማርጎ በር ተንኳኳ። ስትከፍት ኮሊን ቆማለች።

«ደስ ብሎኝ አይደለም የመጣሁት» አለች ኮሊን ሳትቀመጥ። «የኔን ንብረት ነው የጣልሽው። ያ ቅጠል ለእኔ የተጻፈ ነበር፤ ረስል ነገረኝ። የተጻፈበትን ግን እንደገና ልበልሽ ቢል ዕንባው ቀደመው።»

«አውቃለሁ... ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እኔ የቲሊ አክስት ነኝ። የእናቷ እህት። እህቴ ስትሞት ለሁለት ሳምንት ብዬ መጣሁ፤ ሁለት ዓመት ተኩል ቀረሁ። አሁን ሚልዋኪ ሥራ አግኝቻለሁ፤ እሑድ እሄዳለሁ። ቅጠሉ ስንብቴ ነበር።»

ማርጎ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። «እኔ እኮ... መስሎኝ...»

«የመሰለሽን አውቃለሁ! ሆን ብዬ ነው እንዲመስልሽ ያደረግኩት።» ኮሊን መራራ ሳቅ ሳቀች። «ጃኬቱን ሆን ብዬ ለበስኩት። ኮሌታው ላይ ደግሞ ምንም ክር አልነበረም።»

«ለምን?»

«ሁለት ዓመት ተኩል ሸሚዙን ተኮስኩለት። አንድ ቀን የትኛው ያምርብኛል ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። በዚህ ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሸሚዝ ይዞ መጣና ‹ኮሊ፣ የትኛው ይሻላል?› አለኝ። ለማን እንደሆነ ማየት ነበረብኝ።» ዓይኗ ሞላ። «እሱ አያውቅም። እንዳትነግሪውም። ያንቺ ስም ያለበት ቅጠል አግኝቼ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ብሆን አልጥለውም... በልቼው ነበር!»

ሁለቱም ሳይወዱ ሳቁ። ከዚያ ማርጎ በቀስታ፣ «ለኮሊን» ብላ ጀመረች።

«ምን?»

«ቤታችን ሊፈርስ ሲል ደግፈሽ ያቆምሽው አንቺ ነሽ...»

አንድ ቃል ሳትስት እስከ መጨረሻው አለችላት። ከቅናቷ ብዛት በቃሏ ይዛው ነበር። ኮሊን በሩን ተደግፋ፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች። ማርጎ ወረቀት ፈልጋ ሁሉንም ጻፈችላት፤ ኮሊን ተቀብላ ጡቷ ሥር ሸሸገችው።

«ማዕዱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው» አለች ስትወጣ። «ነይ በይኝ እንዳትዪ፤ አልጠራሽም። ብትመጪ ግን አልገፋሽም።»

ማርጎ ሄደች። በሩን የከፈተችው ቲሊ ነበረች። ማርጎ ተንበረከከች።

«ቲሊ፣ ቃሌን በልቻለሁ። መጥፎ ነገር ነው ያደረግኩት። ይቅር በይኝ።»

ቲሊ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አሰበች። «ለምን ከፈትሽው?»

ረስል ከኋላዋ መጥቶ ቆሟል። ማርጎ ቀና ብላ እሱን እያየች መለሰች። «ቀንቼ ነው።»

«በማን?» አለ ረስል።

«በኮሊን።»

«በኮሊ?» አፉን ከፍቶ ቀረ። «እኔ ደግሞ... ሐሙስ ይጠብቀኛል ያልሽው ሰው ማነው እያልኩ አራት ቀን ሙሉ ቦቴዬን ስንት ጊዜ መንገድ አሳትኩ! የባንኩ ሰውዬ ነው? ፖስተኛው ነው? እያልኩ...»

«ማንም የለም። አልነበረምም።»

«ማንም?»

«ማንም... ካንተ በቀር።»

ረስል እጇን ይዞ ከተንበረከከችበት አነሣት፤ ከዚያም መልቀቁን ረሳው። ቲሊ በሁለቱ መሐል አንገቷን አስገባች። «ይቅር ብያለሁ፤ ግን ዛሬ ሳህን የምታጥበው እሷ ናት!»

ማዕዱ ላይ ሁሉም ተራ በተራ አመሰገነ። ኮሊን ያንን ወረቀት አላወጣችም። «እኔ ስላገኘሁት ቤተሰብ አመሰግናለሁ» ብላ ብቻ ኬኩን ቆረሰች። ለማርጎ የሰጠቻት ቁራሽ ከሁሉም ያነሰ ነበር። ማርጎ አየችው፤ ገባትም።

እሑድ ጠዋት የኮሊን መኪና ተጭኖ አለቀ። ቲሊን ደጋግማ ሳመቻት። ከዚያ ወደ ረስል ዞረች፤ አቀፈችው... ረጅም ጊዜ። ራሷን ደረቱ ላይ ጣል አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ልትሰናበት የመጣችው ማርጎ በረስል በረንዳ ላይ ሆና አየች። ቅናቷ እንደ እሳት ላሳት። ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ቤት ገባች፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ከኋላዋ ገጠመችው።

መኪናው ሲርቅ ረስል ገባ። ወጥ ቤት ውስጥ አንዱን ንጹሕ ሳህን ደጋግማ ስታጥብ አገኛት።

«ለምን ገባሽ?»

«ተሰናበቱ ብዬ።»

«አልቀናሽም?»

«ሞቼ ነበር!» አለች ማርጎ።

ረስል ሳህኑን ከእጇ ወስዶ አስቀመጠና፣ እርጥብ እጇን እንዳለ ደረቱ ላይ አድርጎ ያዘው። በተከታዩ መስከረም ተጋቡ። ምስክር ሆና የፈረመችው ኮሊን ናት።