ፔሊካኖቹ ነጥብ እስኪያስቆጥሩ

ይህ ነገር በእኔና በሚስቴ ላይ ደርሷል። ያላመነ ሰው ቱምቡላ ድረስ ይምጣና የሎርናን ጉልበት በዓይኑ ይይ።

ባለፈው ወር ነው። እሁድ፣ ከቀትር በኋላ ልክ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ አስፋልቱን ታቀልጠው ነበር። ቦታው ወደቡ ዳር ያለው፣ አዲስ የታደሰው የቅርጫት ኳስ አዳራሽ።

ጨለማ የለም። መቃብር የለም። የሚያላዝን ውሻ የለም።

አራት ሺህ ሰው፣ የድንች ጥብስ ሽታና ሙዚቃ ብቻ...

መርቭ እባላለሁ። በቱምቡላ «መርቭ ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ትናንት የተወለደ ነው። ሠላሳ ዓመት የከተማችንን የቅርጫት ኳስ ቡድን፣ ፔሊካኖቹን፣ ደግፌአለሁ። እኔ ስጮህ ወደቡ ላይ የታሰሩ ጀልባዎች ገመድ ይበጥሳሉ። አንድ ጊዜ አዞ እንኳ በጩኸቴ... ይቅር፣ ወደ ነገሬ ልግባ።

እኛ ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ጨዋታ ሲጀመር ሰው ሁሉ ብድግ ይላል። ፔሊካኖቹ የመጀመሪያዋን ነጥብ እስኪያስቆጥሩ ድረስ ቆሞ ያጨበጭባል። ኳሷ ስትገባ ሁሉም «እፎይ!» ብሎ ይቀመጣል።

ከዚያ በፊት የተቀመጠ ሰው ለቡድኑ ገደቢስ ነው። ይሰደባል። ድንች ይወረወርበታል። እኔ ራሴ የከተማችንን ከንቲባ በኮሌታው አንጠልጥዬ አስነስቻለሁ።

ሎርና ደግሞ ጉልበቷን በቀዶ ጥገና አስቀይራ ገና ማገገሟ ነበር። ሐኪሟ «ብዙ እንዳትቆሚ፣ ስፌቱ ይበጠሳል» ብሏታል።

«መርቭ፣ እኔ ልቅር» አለችኝ ጠዋት።

«ምን? አዳራሹ ታድሶ የመጀመሪያው የውድድር ጨዋታ!»

«ቁሚ ቢሉኝስ?»

«አንድ ደቂቃ ናት እኮ! የእኛ ልጆች ነጥብ ለማስቆጠር ከዚያ በላይ ፈጅተው አያውቁም።»

«አንተ ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል።»

«ፀሐይ ነው።»

ሳቀች። ምርኩዟን አነሳች። ሄድን።

በሩ ላይ ቢጫ ሰደርያ የለበሰች ልጅ ትኬታችንን አየች። ፊቷ ፍልቅልቅ ያለ ነው። ሁለቱም መዳፎቿ ግን በፋሻ ተጠቅልለዋል።

«ምን ነካሽ ልጄ?» አለቻት ሎርና።

«ባለፈው ሳምንት የሙከራ ጨዋታ ነበረን» አለች ልጅቷ።

ፈገግ ብላ አሳለፈችን።

አዳራሹን ባያችሁት! ድሮ ዝናብ ሲዘንብ ጥላ ይዘን የምንገባበት ቆርቆሮ ቤት ነበር። አሁን ጣሪያው ላይ ቤቴን የሚያህል ስክሪን ተሰቅሏል። ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል። ወንበርህ ላይ ሆነህ የሥጋ ፓይና ቢራ በስልክ ታዝዛለህ፣ እግርህ ድረስ ይመጣልሃል። ንጉሥም እንዲህ ኳስ አይቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ...

ወንበሮቹ ላይ የፋብሪካው ላስቲክ እንዳለ ነው። አንዱም አልተቀደደም። አንዱም አልተጨማደደም።

ሎርና በጣቷ ነካ አደረገችው። «መርቭ፣ እነዚህ ላይ ሰው ተቀምጦ ያውቃል?»

«አዲስ ነዋ!»

«ባለፈው ሳምንት ጨዋታ ነበር አላለችም?»

ቢራ አዘዝኩ።

ዳኛው ኳሷን ወደ ላይ ወረወረ። አራት ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ተነሳ።

ጭብጨባው ጀመረ።

ከጀርባችን ዓሣ ነጋዴው ኮል ነበር። ዕድሜ ልካችንን አንድ መጠጥ ቤት የጠጣን ሰው ነው። «መርቭ ወዳጄ! ዛሬ ያቺ ድምፅህ የታለች?» አለኝ። ለቀቅኳት። ጣሪያው ተንቀጠቀጠ።

ፔሊካኖቹ ወረወሩ። ኳሷ የቅርጫቱን ቀለበት ዞረች... ዞረች... ወደ ውጭ ወደቀች።

ደግመው ወረወሩ። ዞረች... ወደቀች።

ከማዕድኑ ከተማ የመጡት ተጋጣሚዎቻችን፣ ዲንጎዎቹ፣ አገቡ። ደግመው አገቡ። የእኛ ግን ቀለበቱን እየዞረች ትወጣለች። ሁልጊዜ በዚያው በኩል፣ በዚያው አወዳደቅ።

አስራ ሁለት ለባዶ።

ሃያ ስድስት ለባዶ።

የሚሳደብ ሰው የለም። የሚስቅ የለም። ሙዚቃው መቼ እንደቆመ አላስታውስም። ጭብጨባ ብቻ... ጧ... ጧ... ጧ... እንደ አንድ ሰው።

የጨዋታውን ሰዓት ቀና ብዬ አየሁ። ጨዋታው ሲጀመር የነበረበት ላይ ነው። አልተነቃነቀም።

«መርቭ...» አለች ሎርና በሹክሹክታ። ፊቷ ወረቀት መስሏል። «ጉልበቴ... አልቻልኩም።»

«ተቀመጪ። እኔ እከልልሻለሁ።»

ታጥፎ የቆመውን የወንበሯን መቀመጫ ወደ ታች ሳብኩት። አልወርድ አለ። በሁለት እጄ ተጫንኩት። እኔ! የተገለበጠ ትራክተር ብቻዬን ያነሳሁት ሰውዬ! ወንበሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

አንገቴ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ጠብ አለ።

የኮል ቢራ መሰለኝ። ጠረግኩት። እጄን አየሁ... ቀይ ነው።

ዞር አልኩ። ኮል እያጨበጨበ ነው። መዳፎቹ ተልጠዋል። ባጨበጨበ ቁጥር ደሙ ይረጫል።

«ኮል! እጅህ እኮ!»

«እንዳትቀመጥ» አለ።

«ታማለች አንተ ሰውዬ! አታይም?»

«እንዳትቀመጥ በላት።» ዓይኑ ሜዳው ላይ ነው። «የተቀመጠ ገደቢስ ነው ስትል የኖርከው አንተ አይደለህም? ሚስትህ ስትሆን ነው የሚያምህ?»

ከኮል አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። አብሮኝ የሰከረ ሰው ነው! አባቴን አብሮኝ የቀበረ ሰው ነው!

የሎርናን ክንድ ይዤ ወደ መውጫው ጎተትኳት። ያቺ ፋሻ የጠቀለለች ልጅ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ቆማለች። እሷም ታጨበጭባለች። ፋሻው ቀልቷል።

«ክፈቺልን ልጄ።»

«መጀመሪያ ነጥብ።»

«ሴትዮዋ ልትወድቅ ነው!»

«አትወድቅም» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «እዚህ ማንም አይወድቅም።»

የዚያን ጊዜ ትልቁ ስክሪን ላይ የሎርና ፊት ወጣ። ላቧ፣ እንባዋ፣ የሚንቀጠቀጥ ከንፈሯ... ሁሉም ቤት አክሎ። ከሥሩ በቢጫ ፊደል አንዲት ቃል ተጻፈች።

ቁሚ።

አዳራሹ በሙሉ «ኡኡኡ» አለባት። ድንች ተወረወረ። የቢራ ኩባያ ተወረወረ። ጭብጨባው ግን አልተቋረጠም። በየትኛው እጃቸው እንደሚወረውሩ አላውቅም...

«መርቭ፣ አስወጣኝ» አለች። «እባክህ አስወጣኝ።»

እንግዲህ ነጥብ ከሆነ ችግሩ፣ ነጥብ ማስቆጠር ለእኔ ምኔ ነው?

ደረጃውን ወርጄ አጥሩን ዘለልኩ። ሜዳ ገባሁ። የከለከለኝ የለም። ዳኛውም ፊሽካውን ጥሎ ያጨበጭባል።

ተጫዋቾቹን በቅርብ አየኋቸው። ዲንጎዎቹ አርባ ሰባት ለባዶ እየመሩ ማጥቃት ትተው ለእኛ ልጆች መንገድ ለቀውላቸዋል። ፍሪጅ የሚያህለው አምበላቸው ኳሷን ይዞ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

«አስገቡ» ይላል። «ስለ ፈጣሪ አስገቡ... ወደ ቤታችን እንሂድ...»

«አምጣ» አልኩት።

ሰጠኝ። ኳሷ ትሞቃለች። እንደ ሰው ገላ ትሞቃለች።

ፔሊካኖቹ ሁልጊዜ ጨዋታ ሲጀምሩ የሚያጠቁት በወደቡ በኩል ያለውን ቅርጫት ነው። ይህን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልገኝም፤ በሕልሜም አውቀዋለሁ። ልጆቹ ሲወረውሩ የነበረው በየት በኩል እንደሆነ እንኳ ለማስታወስ ሳልሞክር ወደዚያ ዞርኩ። ከመሀል ሜዳ ወረወርኩ። እሺ፣ ከመሀል ትንሽ ቀረብ ብዬ።

ኳሷ ከፍ አለች። ቀለበቱን እንኳ ሳትነካ ገባች።

ጭብጨባው ቆመ።

እጆቼን ወደ ላይ ዘረጋሁ። «እፎይ!» ብዬ ጮህኩ። «ተቀመጡ!»

ማንም አልተቀመጠም።

የውጤት ሰሌዳውን አየሁ። ዲንጎ ሃምሳ። ፔሊካን ባዶ።

አንድ የእኛ ተጫዋች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ትንፋሹ በረዶ ነው።

«አዳራሹን ሲያድሱት የቡድናችንን ተቀያሪ ወንበር ወደ ሌላኛው በኩል አዛወሩት፤ የምናጠቃበትም ተቀየረ» አለ። «ያ ቅርጫት አሁን እነሱ የሚያስቆጥሩበት ነው።»

ለእንግዳው ቡድን አስገብቻለሁ። እኔ መርቭ... ለዲንጎዎች።

አራት ሺህ ፊት ወደ እኔ ዞሯል። አንድም ዓይን አይርገበገብም። እጆቻቸው ሁሉ ተራርቀው አየር ላይ ቀርተዋል፣ ቀጣዩን ጭብጨባ እንደሚጠብቁ...

ጸጥታው ከጭብጨባው የባሰ ነበር።

ወደ ሎርና ሮጥኩ። በሩ አጠገብ ቆማለች። ምርኩዟ መሬት ላይ ወድቋል። እግሯ ቀጥ ብሏል፣ እንባዋ ደርቋል። እጆቿ... እጆቿም ተዘርግተዋል።

«ሎርና፣ ነይ እንሂድ።»

አላየችኝም።

«ሎርዬ!»

«ገና አላስገባንም» አለች።

ትከሻዬ ላይ አነሳኋት። ልጅቷን ገፍቼ በሩን በጀርባዬ በረገድኩት። አልተከተሉኝም። አልጮሁም። ሲመለከቱኝ ብቻ ይሰማኛል፣ ጀርባዬ ላይ፣ እንደ ሸክም...

ውጭ ፀሐዩ እንደዚያው ነው። የባሕር ወፎች ከቆሻሻ ገንዳው ላይ ድንች ይሻማሉ። ሎርናን መኪናው ወንበር ላይ ላስቀምጣት ሞከርኩ። ወገቧ አልታጠፈም። ጉልበቷ አልታጠፈም። ከፒክአፑ ጭነት መጫኛ ላይ እንደ ሳንቃ አጋደምኳትና ነዳሁ።

እቤት ስንደርስ ራሷ ወረደች። በሁለት እግሯ፣ ያለ ምርኩዝ።

«ደስ የሚል ጨዋታ ነበር» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሎርና አልተቀመጠችም።

ቆማ ትበላለች። ቆማ ቴሌቪዥን ታያለች። ስትተኛ አላየኋትም። «ትንሽ አረፍ በይ» ስላት ያንኑ ትመልስልኛለች። ገና አላስገባንም።

ሐኪሟን ጠራሁት። ጉልበቷን ነካክቶ ተገረመ። «እንዲህ የዳነ ጉልበት አይቼ አላውቅም» አለኝ።

«እንድትቀመጥ ንገራታ! አንተን ትሰማለች።»

ቦርሳውን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ መዳፉን አየሁት። ተልጧል።

«አንተስ» አለኝ በር ላይ ሆኖ፣ «መቼ ነው የምታስገባው?»

ዛሬ እሁድ ነው። ይህን ስጽፍላችሁ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ነው። ቤቱ ጭር ሲልብኝ ሎርናን ተጣራሁ። መልስ የለም። ማድ ቤት የለችም። ጓሮም የለችም።

የሳሎኑን መጋረጃ ገለጥ አደረግኩ።

ሰፈሩ በሙሉ ውጭ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ በገዛ ሣሩ ላይ ቆሟል። ፊታቸው ወደ እኔ ቤት ነው። ኮል አለ። ሐኪሙ አለ። አሮጊቷ ጎረቤቴ ከተሽከርካሪ ወንበሯ ተነስታ ቆማለች።

ከፊታቸው ሎርና። ከመንገዱ ግርጌ፣ ወደ ቤቴ የሚያወጣው ዳገት ከሚጀምርበት።

ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና ከእግሯ ሥር የነበረችውን ኳስ በጣቷ ነካ አደረገቻት።

ኳሷ ዳገቱን መውጣት ጀመረች... ማንም ሳይገፋት... ቀስ እያለች... የመኪና መግቢያዬን አልፋ... ከቤቴ በር ምንጣፍ ላይ ደርሳ ቆመች።

ሎርና ቀና አለች። እጆቿን ለጭብጨባ ዘረጋች።

ሰፈሩም በሙሉ ዘረጋ።