በብርሌ የተቀዳ አረቄ

ደምመላሽ ጎባ ከተማ በተከራያት ክፍል ውስጥ ጭንቅላቱ የበሩ ድንጋይ ደፍ ላይ ተፈንክቶ ሞቶ ሲገኝ፣ ከተማው ሁሉ በአንድ አፍ ፈረደበት፤ ጠጥቶ ወደቀ። መጠጥ ከተወ ዓመታት አልፈውታል። የልጅነት መከራውንና የስካር ዘመኑን የጻፈበትን ግለ ታሪክ በየእሁዱ በኤልዳድ አዳራሽ ለሰው ያነብ ነበር። አጠገቡ የአረቄ ጠርሙስ ስለተገኘ ብቻ ይህ ሁሉ ተረሳ። አምጥቶለታል ተብሎም የድሮ የመጠጥ ጓደኛው ምኞት ታሰረ።

ከሮቤ የተጠራችው መርማሪ ዙህራ ሐሜቱን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ሐኪሙ የነገራት ሌላ ነው፤ ሸሚዙ በአረቄ ርሷል፣ ሆዱ ውስጥ ግን ጠብታ የለም። ሰው ገፍቶ ጥሎታል፤ ከዚያም አረቄ አፍስሶበታል። ክፍሉ ውስጥ ያየችውን ሌላ ነገር ግን ለማንም አልተነፈሰችም።

ጠጅ ቤት ያላት እኅቱ እኅተማርያም፣ መጽሐፉ አባቷን በአደባባይ እንዳዋረደባት አልደበቀችም። የአዳራሹ ባለቤት ኤልዳድ በበኩሉ የሰካራም ልጅ መጨረሻው ይኸው ነው ብሎ አዘነለት። ምኞት ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ተናገረ።

«መጠጥ የተውኩት እሱን አይቼ ነው። እሱ ጠጥቶ ሞተ ከተባለ፣ እኔ በምን እቆማለሁ?»

በማግስቱ ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ላይ መለኪያ፣ የሻይ ብርጭቆና ብርሌ ደረደረች፤ ደምመላሽ አረቄውን በየትኛው የጠጣ እንደሚመስላቸው ጠየቀች። እኅተማርያምና ምኞት ሳያመነቱ መለኪያውን አሳዩ። ኤልዳድ ብርሌውን።

«ለምን?» አለችው ዙህራ።

«አባቱ በብርሌ ይጠጣ ነበር። ራሱ አንብቦልናል።»

«አባቴ የሚጠጣው ጠጅ ነው» አለች እኅተማርያም። «አረቄ በብርሌ ማን ይቀዳል?»

«መጠጥን ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ» አለች ዙህራ። «ደምመላሽ የአባቱን ብርሌ ለማስታወሻ መደርደሪያው ላይ አስቀምጦት ነበር። ሬሳው አጠገብ አረቄ ተሞልቶ አገኘሁት። ከሦስታችሁ ይህን የሚሳሳት አንድ ሰው ነው።» ወደ ኤልዳድ ዞረች። «ፍራሹ ሥር ደብቆት ያገኘሁት የመጪው እሁድ ምዕራፍ ስለ አባትህ ነው። የተከበሩት ሽማግሌ አጋርፋ እርሻቸው ላይ ሕፃናትን በደመወዝ ፈንታ አረቄ እያጠጡ ያሠሩ ነበር። ደምመላሽ ከሕፃናቱ አንዱ ነበር። ለሌላ ሰው ልጅ አረቄ፣ ለአንተ ወተት። አቀዳዱን እንኳ ያላወቅኸው ለዚህ ነው።»

ኤልዳድ ወንበሩ ላይ ተልፈሰፈሰ። «ያንን ምዕራፍ ተወው ብዬ ለመንኩት። እንቢ ሲለኝ ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም።»

«ወላሂ፣ እሱን አምንሃለሁ። ከሞተ በኋላ ሰካራም ያደረግኸው ግን አስበህበት ነው።»

ፖሊሶቹ ሊያነሡት ሲጠጉ ዙህራ በእጇ አስቆመቻቸው። ምዕራፉን ለምኞት ሰጠችው።

«እሱ ይስማና ይሄዳል። አንብብ።»

ምኞት ተነሣ። ወረቀቱን ገለጠ፤ ድምፁ ቀጥ ያለ ነበር።

«ስምንት ዓመቴ ነበር» ብሎ ጀመረ።