የኮሊን መስመሮች

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ።

ቅዳሜ ዕለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በታዝማኒያ ደሴት፣ በርኒ ከተማ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ... አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ተከፈተ።

የከፈትኩት እኔ ነኝ። ትሬቨር እባላለሁ።

ስድስት ጡረተኞች ነን። ሰው የጣለውን ኮምፒውተር እንሰበስባለን፣ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሥርዓተ ክወና እንጭንበታለን፣ ለፈለገ ሰው እንሰጣለን። ሁሉም ነገር ነጻ ነው። ፕሮግራሙን ውሰድ፣ ቅዳ፣ ፈታተህ እየው፣ እንዳሻህ ቀይረው... ማንም አይከለክልህም።

ነውሩ አንድ ብቻ ነው። የጻፈውን ሰው ስም መፋቅ።

እኔ ፋቅኩት።

ከእኛ አንዱ የነበረው ኮሊን ዕድሜውን የፈጀው ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ኮምፒውተር የነካው በስልሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት የታገልኩበት ፕሮግራም ነበረኝ፤ ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ። ስልክ ቁጥር ሲያጋጥመው ግን "ስልሳ አራት ሚሊዮን..." እያለ ይቆጥረው ነበር።

ኮሊን መጣና ዘጠና የፕሮግራም መስመሬን በስድስት መስመር አስተካከለው። ከሥሩም ማስታወሻ ጻፈ፦ "ትሬቨር፣ እስቲ ይቺን እይልኝ።"

ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚጽፈው። ያንገበገበኝ ትሕትናው ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ፕሮግራሙ የእሱ ሆነ። ሰው ሁሉ ኮሊን፣ ኮሊን ይላል። እኔ ትዝ የምላቸው ክፍሉን የሚከፍት ሲያጡ ነው።

ሰኔ ላይ ልቡ ቆመ።

በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሩን ከፍቼ፣ የእሱ ስም ባለበት ሁሉ የእኔን ተካ አልኩት። "አርባ ሰባት ቦታ ተተክቷል" አለኝ። ለጓደኞቼም ፕሮግራሜን ጨረስኩ አልኳቸው።

ሁሉም ያውቃሉ። ሁሉም አጨበጨቡ። ለአንድ ስም ብሎ ቅዳሜውን የሚያበላሽ ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ የለውጥ መዝገቡን አየሁ። ማን፣ ምን፣ መቼ እንደለወጠ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚመዘግብበት ነው። አዲስ ለውጥ ገብቷል።

ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የለዋጩ ስም... ባዶ።

ሐሙስ ክፍሉ ዝግ ነው። ቁልፉ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ብቻ ነው።

ለውጡን አነበብኩት። ሦስት መስመር ናት። እኔ ዓመቱን ሙሉ ዞሬ ዞሬ ያቃተኝን ፈትታዋለች።

መፍራት ነበረብኝ። እኔ ግን ቀናሁ።

ሞቶም ይበልጠኛል?

ዝቅ ብዬ ሳይ... "ትሬቨር፣ እስቲ ይቺን እይልኝ።"

ማስታወሻውን አጠፋሁ። በባዶው ቦታ ስሜን ጻፍኩ። ቀና ስል ሰብሳቢያችን ግዌን ከኋላዬ ቆማለች።

"አንተ ነህ የጻፍከው?" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"እኔ ነኝ።"

"መቼ?"

"ሐሙስ።"

"ሐሙስ ዝግ ነው።"

"ቁልፍ አለኝ።"

"እሺ..." አለች። እሺ ያለችበት አባባል ለሳምንት እንቅልፍ ነሳኝ።

የዚያን ቀን ስወጣ የኮምፒውተሩን የመብራት ገመድ ነቅዬ ቤቴ ወሰድኩት። በሳምንቱ አምጥቼ ሰካሁት።

ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሁለት መስመር። ታምራለች።

ኪቦርዱን ስነካው... ለብ ብሏል።

በእሷም ላይ ስሜን ጻፍኩባት።

እንግዲህ መጀመሪያ ወዳልኳችሁ ቅዳሜ ልመለስ። ኮምፒውተሩን የከፈትኩት ለዶሪን ነበር፤ ለኮሊን እህት። ዓይኗ እየከዳት ስለሆነ ፕሮግራሙን ልንሰጣት ነው። በሰው ክንድ ተደግፋ ገባች፣ ተቀመጠች፣ ያለንበትን አቅጣጫ በድምፃችን እየለየች ሁላችንንም ሰላም አለች። ወንድሟ እሑድ እሑድ እየደወለ "ለአንቺ የሚያነብ ነገር እየጻፍኩልሽ ነው" ይላት እንደነበር ነገረችን።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"የትኛው ነው የእሱ?"

አንዱ ጫማውን ማየት ጀመረ። አንዱ መነጽሩን ይወለውላል።

"ኮሊን መልካም ሰው ነበር" አልኳት። "አንዳንድ ሐሳብ ያቀብለኝ ነበር። የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።"



ያኔ... ጠቅ።

ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ነው። አጠገቡ ሰው የለም።

ጠቅ... ጠቅ ጠቅ...

የኪቦርዱ ፊደሎች ይወርዳሉ፣ ይነሳሉ። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ፊደል በፊደል እየረዘመ ይሄዳል።

ዶሪን ጆሮዋን ወደ ድምፁ አዘነበለች።

"ማነው የሚጽፈው?" አለች በሹክሹክታ።

የጠየቀችው እኔን ነበር።

ግዌን ተነሳች። ሻይ ቀዳች። ወተት ጠብ አደረገችበት። ባዶውን ወንበር ትንሽ ወደኋላ ሳብ አድርጋ፣ ስኒውን ከኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጠችው።

"እሱ ነው፣ ዶሪን" አለች፣ ሰው የምታስተዋውቅ ያህል። "ያንን ሁሉ የጻፈውም እሱ ነው።"

የቀሩት አንድ በአንድ ወንበራቸውን ጠጋ ጠጋ አደረጉ። ቦታ ለቀቁለት። ከእኔ በቀር የደነገጠ የለም።

እዚህ በተሰበሰብንባቸው ሦስት ዓመታት ውስጥ ግዌን ለእኔ አንድ ቀን እንኳ ሻይ ቀድታልኝ አታውቅም።

ዓይኔን ከስኒው ላይ መንቀል አልቻልኩም።

እጀታው... ቀስ ብሎ... ወደ ወንበሩ ዞረ።