የታገደው ሰው ጽዋ

የመሬት ባለቤት የከርሠ ምድሩ ባለቤት እንዳልሆነ ሁሉ፣ የተበደለ ሰውም የሐዘኑ ባለቤት እንጂ የበቀሉ ባለቤት አይደለም። ይህን የሚጠራጠር ቢኖር፣ በሁለተኛው የኮሮና ማዕበል ጆሃንስበርግ ውስጥ የሆነውን ይስማ።

ደላላው ዱካሞ የሞተው እሑድ ረፋድ ላይ፣ ዮቪል በሚባለው ሰፈር በተከራየው ክፍል ውስጥ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶና ከረባቱን አስሮ ነው። የወንበር መውደቅ የሰማ ጎረቤት የሕንጻውን ዘበኛ ጠራ። በሩ ሲሰበር ሰውዬው ነጭ ጨርቅ ከተነጠፈበት ጠረጴዛ ሥር ተዘርሮ ተገኘ። ስልኩ በስኳር ዕቃ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ከእጁ አጠገብ ስም ያልተጻፈበት ትንሽ የፕላስቲክ ጽዋ ወድቋል፤ በግርጌው በቀረው የወይን ጭማቂ ውስጥ በየመንገዱ የሚሸጠው የአይጥ መርዝ ተገኘ።

ምርመራው ለፖሊስ መርማሪዋ ለፅናት ተሰጠ። ፅናት ከሆሳዕና የመጡ ስደተኞች ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ግን በዚሁ ከተማ ነው። አለቃዋ ገና ሳትጀምር ጨርሶት ነበር።

«ኤርጎጌ የምትባለውን መበለት አምጪልኝ» አላት። «ቅዳሜ ጠዋት በሩን እየደበደበች ‹ደምህን ሳላይ አልሞትም› ስትል ሕንጻው በሙሉ ሰምቷል። እስከ ነገ ማታ ሌላ ስም ካላመጣሽ አስራታለሁ።»

ፅናት በመጀመሪያ የሄደችው ወደ ጌዴዎን ነው፤ የሕግ ተማሪና ዱካሞ አባል በሆነበት ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች አገልጋይ ነው።

«ሲስ፣ ነገሩ ሲምፕል ነው» አላት። «ዱካሞ ለጋሽ ሀቢሶና ለልጃቸው ለንጉሤ፣ ከማዕድን ማጣሪያ ከተረፉት ቢጫ የአፈር ክምሮች አጠገብ ያለ ቦታ አሻሻጠ። መሬቱ ችግር የለበትም፤ ታይትል ዲድ፣ የባለቤትነት ካርታ፣ አለው። ግን ሌላ ውል ጨምሮ አስፈረማቸው። ‹ከሥሩ ያለውም ወርቅ የእናንተ ነው› ብሎ።»

«አይደለም?»

«እዚህ አገር? ኖ! የአንቺ ላዩ ነው። ቤት ትሠሪበታለሽ፣ ጎመን ትተክይበታለሽ። ከሥር ያለው ማዕድን ግን የሕዝብ ነው፤ ጠባቂው መንግሥት ነው። ያለ ፈቃድ በገዛ ግቢሽ ወርቅ ብትቆፍሪ ወንጀለኛ ነሽ። ከሽያጩ በፊት ለዱካሞ ነግሬዋለሁ። ‹አንተ ፈረንጅ፣ አፍህን ዝጋ› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ንጉሤ በግቢው ውስጥ ባለ አሮጌ የማዕድን ጉድጓድ ወረደ። የራሱን ንብረት ሊያወጣ፣ ገባሽ? አየሩ የተበከለ ነበር።» ጌዴዎን ጭምብሉን ወደ ዓይኑ ሳበ። «በእግሩ አልወጣም።»

ኤርጎጌ የዚህ የንጉሤ ሚስት ናት። ከቀብሩ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ዱካሞን ከጌታ እራት አገደችው።

በሽታው መሰብሰብን ስለከለከለ የዚያ እሑድ የጌታ እራት የተወሰደው በየቤቱ፣ በስልክ ነበር። ጽዋዎቹን ያዘጋጀችው እህት ፊቤ ሜይፌር በሚገኘው ቤቷ በር ላይ ቆማ ለፅናት ነገረቻት።

«በየጽዋው ላይ የሰውን ስም ጻፍኩ፤ በላስቲክ ሸፍኜ አሰርኩ። ጌዴዎን ለዮቪል፣ ጋሽ ሀቢሶ ለአሌክሳንድራ፣ እኔ ለዚህ ሰፈር አደልን። ቢደፋ ብዬ ለእያንዳንዳችን ስም የሌለው ትርፍ ጨመርኩ። የኔ ትርፍ ይኸው፤ ጌዴዎንም የሱን መልሷል።»

«ለዱካሞስ?»

«በስመ አብ! የታገደ ሰው እኮ ነው! የሚመለሰው የሟች አባት ይቅር ሲለውና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ እገዳውን ሲያነሳለት ነው። አንቺ የቤቱ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ» አለች ፅናት፤ አሰብ አድርጋ።

ዘበኛው ብዙ አልጠቀማትም። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰው ካርቶን ይዞ ገባ፤ ካፖርት፣ ባርኔጣ፣ ጭምብል። ፊቱን ማን ያያል? «ግን ዱካሞ ሲያለቅስ ሰምቻለሁ» አለ። «ደግሞ የሐዘን ለቅሶ አልነበረም፤ የምሥራች የሰማ ሰው ለቅሶ ነው። መሀል መሀል ‹አሜን፣ አሜን› ይላል።»

በአሌክሳንድራ ኤርጎጌ ከአማቷ ስፓዛ፣ ከትንሿ የሰፈር ሱቅ፣ ጀርባ የልጇን ልብስ ታሰጣ ነበር። ሕፃኗ ቀሚሷን ይዛለች።

«አልገደልኩትም» አለች ሳትጠየቅ። «የሚቆጨኝም እሱ ነው። ገዳዩን ካገኘሽው ንገሪኝ፤ እጁን እስመዋለሁ።»

«አፍሽን ሰብስቢ እንጂ! ነገ ማታ ሊያስሩሽ ነው። ልጅቷን ማን ይይዝልሻል?»

ኤርጎጌ እርጥቡን ልብስ ገመዱ ላይ አሰጣች። «አባባ አሉላት» አለች።

አባባ የምትላቸው ጋሽ ሀቢሶ በብረት ፍርግርጉ ውስጥ ዳቦ እያቀበሉ ነበር። «ሳውቦና፣ ጎጎ!» ብለው ለአንዲት አሮጊት በዙሉ ቋንቋ ሰላምታ ሰጡ፤ ከዚያ ወደ ፅናት ዞሩ።

«ይቅርታን ማስተማር ሥራዬ ነው፣ ልጄ። ከዱካሞ ጋር ግን ከቀብሩ ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም።»

«ትርፉ ጽዋስ የት ደረሰ?»

«ታክሲ ውስጥ ተደፋብኝ።»

«እሑድ ጸሎቱን የመሩት እርስዎ ነዎት?»

«ፓስተራችን ኦክስጅን ላይ ናቸው፤ ሌላ ሽማግሌ የለንም። ባረክሁ፤ ሁላችንም ጠጣን።»

«ውሃ ጠምቶኛል፣ ጋሽዬ።»

«ከፍሪጁ ውሰጂ፤ ቤትሽ ነው።»

ፅናት ፍሪጁን ከፈተች። ከለስላሳ ጠርሙሶቹ ጀርባ፣ በላስቲክ የታሰረች ትንሽ ጽዋ ተቀምጣለች። የተጻፈባትን አነበበች፤ ውሃዋን አነሳችና ዘጋች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጌዴዎን፣ ፊቤ፣ ኤርጎጌና ጋሽ ሀቢሶ በስፓዛው ጓሮ ተራርቀው ተቀመጡ፤ ሁለት ፖሊሶች በር ላይ ቆሙ።

«አባቴ ባንድ ወቅት ታግዶ ነበር» ብላ ጀመረች ፅናት። «እሑድ እሑድ ጽዋው ሲያልፈው አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። የታገደ ሰው በር ላይ የተተወ ጽዋ አንስቶ አይጠጣም። ዱካሞ ግን ነጭ ጨርቅ አንጥፎ፣ ከረባት አስሮ ጠጣ። ስለዚህ እገዳው እንደተነሳለት አምኗል። ቅዳሜ እያለቀሰ ‹አሜን› ሲል የተሰማው ለዚህ ነው፤ ጽዋውን ያመጣው ሰው ‹ይቅር ብዬሃለሁ› ብሎታል።»

«እኔ አላልኩም!» አለች ኤርጎጌ።

«ብትዪውም ለእገዳው አይበቃም። ፊቤና ጌዴዎንም ሥልጣኑ የላቸውም። ፓስተሩ ሆስፒታል ናቸው። የሟች አባትም፣ ሽማግሌም የሆነ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ጋሽ ሀቢሶ ዞሩ።

«ግምት ነው» አሉ እርጋታቸው ሳይለቃቸው።

«ዱካሞን የገደለው ጽዋ ስም የለውም፤ ከሦስቱ ትርፎች አንዱ ነው። ሁለቱ ተመልሰዋል። የእርስዎ ‹ተደፋ›። ‹ሁላችንም ጠጣን› ብለውኛል፤ ታዲያ ይህ ምንድን ነው?»

ከፍሪጁ ያወጣችውን ጽዋ ፊታቸው አኖረች። በላዩ የእህት ፊቤ ጽሑፍ አለ፦ ጋሽ ሀቢሶ።

«ቂም ይዘው መጠጣት ፈሩ። የተባረከ ነውና መድፋትም ፈሩ። ሰው መግደል ግን አልፈሩም። ተሳስቼ ከሆነ፣ ይኸው፣ ይጠጡት።»

እጃቸው ተዘረጋ፤ ጽዋው ጋ ሳይደርስ ተመለሰ።

«መርዝ የለበትም» አለች ፅናት።

«አውቃለሁ።» ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሻከረ። «የልጄን ሬሳ ላወጣ ስል ‹ጉድጓዱ ያንተ አይደለም፣ ፈቃድ ጠብቅ› አሉኝ። በገዛ ግቢዬ! ላዩ የኔ፣ ሥሩ የመንግሥት፤ ልጄ ደግሞ ከሥር ተኝቶ! ዱካሞ ይህን እያወቀ ሸጠልን። ሲደውል ሲለምነኝ ከረመ። የለመነውን ይቅርታ ቤቱ ድረስ ወሰድኩለት፤ እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ። የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው፤ ደስ ብሎት መሞቱ።»

ኤርጎጌ ሕፃኗን ታቅፋ ተነሳች። እጁን እስማለሁ ያለችለት ሰው ፊት ቆመች።

«አባባ፣ እኔን ሲያስሩኝ ዝም ብለው ሊያዩ ነበር?»

ያን ጊዜ ፖሊሶቹ ገቡ።

ፍርድ ቤቱ ሀቢሶን አስቦ በፈጸመው ግድያ ጥፋተኛ ብሎ ዕድሜ ልክ አሰረው። ቤተ ክርስቲያኒቱም ከሽማግሌነት ሻረችው፤ ከጌታ እራት አገደችው። በሥርዓቱ መሠረት ይህ እገዳ የሚነሳው ሆሳዕና የሚኖሩት የዱካሞ አባት ይቅር ሲሉ ነው። ሀቢሶ ከእስር ቤት ሆኖ ወደ ሆሳዕና ሦስት ጊዜ አማላጅ ላከ። ሦስቱም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።