የሰልሳቢል ኤሌክትሮን

«ይቺ የሰልሳቢል ኤሌክትሮን ብትፈነዳ ከሚሴም የለች፣ ጨፋም የለች» አሉ ቲቸር ሳዳም፣ የፈተና ወረቀቱን ከፍ አድርገው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። የአንዲት ኤሌክትሮን ኢነርጂ በጁል ሲጻፍ ከነጥብ በኋላ ዜሮ በዜሮ ነው፤ ኢምንት። ሰልሳቢል ግን ማባዛት ሲገባት አካፍላ በሀያ አሃዝ የሚጻፍ ጁል አውጥታለች።

ጓደኛዋ ዓፊያ ብቻ አልሳቀችም። እንዴት ትሳቅ! «ኤሌክትሮን ቮልትን ወደ ጁል ስትቀይሪ አካፍይ» ብላ ያስጠናቻት ራሷ ናት። ስህተቷ የገባት ፈተናው ላይ ነው፤ መልሱ ሲገዝፍባት ደንግጣ ሰረዘችና አባዛች። ሰልሳቢል ከፊቷ ተቀምጣ ታካፍል ነበር።

ሲወጡ ሰልሳቢል «አንቺም አካፍለሽ ነበር አይደል?» ብላ ጠየቀቻት።

«አዎ፣ እኔም ተሳስቻለሁ» አለች ዓፊያ፣ የራሷን ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች። መዋሸት እንዲህ ቀላል መሆኑን አታውቅም ነበር።

ለሰልሳቢል ነገሩ የማርክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አባቷ ጋሽ እንድሪስ፣ ፊዚክስ ዳግም ከወደቀች ትምህርቱ ይቅርና ጅዳ አክስቷ ጋ ሄዳ ሰው ቤት ትሥራ ብለው ቆርጠዋል። ይኸው ወደቀች። ፓስፖርት ሊያወጡላት ነው። እሷ ደግሞ ያሳሳተችኝ ዓፊያ ናት ብላ ለአባቷ ትንፍሽ አላለችም። ዓፊያን እህል ያስጠላት ይሄ ነው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ዓፊያ እነሰልሳቢል ቤት ሄደች። ሰልሳቢል ገበያ ወጥታለች። ጋሽ እንድሪስ በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው የተቀደደ የማሽላ ጆንያ ይሰፋሉ።

«ኮቱ ልጄ፣ ግቢ» አሏት። ልጃቸውን ለሰው አገር መስጠቱ እሳቸውንም እያንገበገባቸው ነው። «ምን ላድርግ፣ አላህ እንዳንቺ ያለ ጭንቅላት አልሰጣት።»

«ጋሼ፣ በስህተት ያስጠናኋት እኔ ነኝ። እሷ ያልኳትን ነው የሠራችው።»

እጃቸው ከነመርፌው ቆመ። ቀና ብለው አዩዋት።

«ታዲያ አንቺ በምን አለፍሽ?»

የፈራችው ይሄንኑ ጥያቄ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ እናቴ ትፈልገኛለች ብሎ መውጣት ይቻላል። ዓፊያ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የፈተናውን ቀን አንድ በአንድ ትነግራቸው ጀመር። የሰልሳቢል ድምፅ ከደጅ ሲሰማም አላቋረጠችም።