አንድ ቁልቁል፣ ሦስት ፊደል

ውሸት ነው የምትሉ በሉ። አልከራከራችሁም።

እኔ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ቀኑ እሁድ ነው። ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ እስከ አልጋው እግር ድረስ ተዘርግታለች። መብራት አልጠፋም፣ ውሻ አላላዘነም፣ ነፋስ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ አይመጣም ብላችሁ የምታስቡ ከሆነ... እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የምንኖረው ሁለት ነን። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። እታለም ደግሞ አክስቴ ናት። እናቴ ስትሞት የወተት ጥርሴ ገና አልወለቀም ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የስልክ ማዞሪያ ቤት ሠርታ ነው ጡረታ የወጣችው። ድምፅ አላት... ሹክ ስትል ራሱ ምድር ቤት ድረስ ይሰማል። የሰፈሩ ሰው «እትዬ ሃሎ» ነው የሚላት።

ያቺ ሴት ናት እንግዲህ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧት ዳሌዋ የተሰበረው።

ቀዶ ጥገናው ተሳክቶ ነበር። ሐኪሙ ለብቻዬ ወደ ጎን ጠርቶኝ፣ ተነስታ መራመድ እንዳለባት፣ ካልተነሳች ግን እዚያው ተኝታ እንደምትቀር ነገረኝ። እሷ አልነሳም አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። የሰጧትን የብረት መደገፊያ ልብስ ማስጫ አደረግነው። ምግብ ሳቀርብላት ሁለት ማንኪያ ቀምሳ «በቃኝ» ትላለች።

መጀመሪያ ምግቡን መስሎኝ ነበር። በቃኝ የምትለው ሌላ ነገር መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው።

የሚያነቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር። የሳምንቱ መጨረሻ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው መስቀለኛ ቃላት።

ከልጅነቴ ጀምሮ አብረን ነው የምንሞላው። እኔ ፍንጩን አነብባለሁ፣ እሷ ትመልሳለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ቃሉ እምቢ ካላት ያዘጋጀውን ሰው ትሰድበዋለች። ስድቧን ስሰማ ደስ ይለኛል። የሚሳደብ ሰው ገና አልሄደም።

ያን ዕለት ጋዜጣው በበሩ ሥር ገብቶ አገኘሁት። ሳነሳው ጣቴን ጥቁር ቀለም ነካኝ። ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር... ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። ለራሴ ሻይ ቀዳሁ፣ እስክሪብቶ ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

አንድ አግድም። «የእናት እህት፤ አራት ፊደል።»

«ይሄ ሰውዬ ደክሞታል» አለች ወደ ግድግዳው እንደዞረች።

አክስት ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያው ከ«አ» ተነስቶ ወደ ታች የሚወርደው ደግሞ አንድ ቁልቁል ነው። ሦስት ፊደል። ፍንጩ እንዲህ ይላል... «እስከ ማታ ባዶ የሚሆን።»

አልመጣልኝም። እሷም ዝም አለች። ይቆይ ብለን አለፍነው።

ቀጥሎ ያሉት ተራ ነበሩ። የጉንዳን ዘመድ፣ የጣፋጭ ተቃራኒ፣ የንጉሥ መቀመጫ። እታለም ቀስ በቀስ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። ትራስ ደረብኩላት። ቀና አለች። ደስታዬን እንዳታይብኝ ጋዜጣው ላይ አቀረቀርኩ።

ከዚያ ስድስት አግድም ላይ ደረስን።

«አሁን የሚሰበር፤ አራት ፊደል።»

አሁን የሚባል ፍንጭ አለ እንዴ ብላ አጉረመረመች። ሁለተኛው ፊደል «ር» ነበር። ብርጭቆ በይው አለችኝ።

ብ... ር... ጭ... «ቆ»ን ጽፌ እስክሪብቶውን ሳነሳ ኩሽና ውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ።

ሄጄ አየሁ። ጠዋት አጥቤ አፉን የደፋሁት ብርጭቆ ወለሉ ላይ ተበትኗል። ከጠርዙ ርቆ ነበር ያስቀመጥኩት። ድመት የለንም። መስኮቱ ዝግ ነው።

ጠርጌ ተመለስኩ። ምን እንደተሰበረ ስነግራት ሳቀች። ከተሰበረች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር... ስለዚህ እኔም ሳቅኩ።

ስምንት ቁልቁል። «አሁን የሚቀዘቅዝ፤ ሁለት ፊደል።»

ሻይ ብዬ ጻፍኩ። ከጎኔ ያለው ሻይ እንፋሎቱ ጠፋ። አነሳሁና ቀመስኩት። ከማቀዝቀዣ የወጣ ይመስል ጥርሴን ጠዘጠዘኝ።

ለእታለም አልነገርኳትም።

ዘጠኝ ቁልቁል። «አሁን ዝም የሚል፤ ሦስት ፊደል።»

እሷ ናት የመለሰችው። ሰዓት። ጻፍኩት።

አንድ ነገር ጎደለ... ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ትንሽ ቆየሁ።

ኮሪደሩ ላይ ያለው የግድግዳ ሰዓት ነው። ቀጭ ቀጭ ማለቱን አቁሟል።

አየችኝ። አየኋት። ባትሪው ነው ልል አፌን ከፈትኩ... ባትሪውን የቀየርኩት በዚያው ሳምንት ነበር።

እንተወው አልኳት። ጋዜጣውን ማጠፍ ጀመርኩ። እጄን ያዘችኝና የጀመርነውን ትተን እናውቃለን ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እጇ ቀዝቅዟል። አያያዟ ግን የድሮው ነው። ያን አያያዝ ሳላየው ከርሜ ስለነበር እምቢ ማለት አቃተኝ።

የቀሩን ሁለት ብቻ ነበሩ።

አሥራ አንድ አግድም። «ሳይጠራ የሚመጣ፤ አራት ፊደል።»

«እንግዳ» አለች ቀስ ብላ።

መጻፍ አልነበረብኝም። አውቃለሁ። እጄ ግን የለመደውን አደረገ። የመጨረሻዋን «ዳ» ስጨርስ...

ኳ... ኳ... ኳ።

በሩ።

በካልሲ ቀስ ብዬ ሄድኩ። በበሩ ማያ ቀዳዳ ተመለከትኩ። የውጭው ኮሪደር ብሩህ ነው። የጎረቤት በር ይታያል። የደረጃው መደገፊያ ይታያል። ሰው የለም።

ዓይኔን ከቀዳዳው ላነሳ ስል...

«ጨርሳችኋል?»

ሹክሹክታ ነው። የወንድ ልበለው የሴት አላውቅም። ትሁት ነው፣ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ዓይነት። የመጣው ግን ከፊቴ ትይዩ አይደለም። ከወገቤ በታች ነው። ከበሩ ማዶ ተቀምጦ እንደሚያወራ ሰው።

ወደ መኝታ ቤት እንዴት እንደተመለስኩ አላስታውስም።

«ማነው?»

«ማንም።»

«አንቺ ልጅ...»

«ማንም የለም እታለም። ግን ይናገራል።»

ጋዜጣው ላይ አፈጠጥኩ። ባዶ የቀረው አንድ ቁልቁል ብቻ ነው። ሦስት ፊደል፣ በ«አ» የሚጀምር። እስከ ማታ ባዶ የሚሆን...

ያኔ መጣልኝ።

የተኛችበትን አየሁ። አንሶላውን። ትራሱን። የእንጨቱን ጠርዝ።

አልጋ።

አልመጣልኝም፣ ፍንጩ ራሱ የተሳሳተ ነው፣ ማተሚያ ቤቱ ነው ያበላሸው እያልኩ ቀባጠርኩ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ብቻ ነው የተናገረችው።

«እኔ ከመጀመሪያው መጥቶልኝ ነበር» አለች።

«ከመጀመሪያው?»

«አዎ። ደስም ብሎኝ ነበር።»

ብርጭቆውም፣ ሰዓቱም፣ በሩን ያንኳኳውም እንደዚያች ቃል አላስደነገጡኝም። እኔ ምግብ ሳሞቅላት፣ ገላዋን ሳጥባት፣ ትራሷን ስገለብጥላት... እሷ ለካ ይህን ነው የምትጠብቀው።

ከበሩ በኩል ሹክሹክታው መጣ።

«አንድ ቃል ነው የቀረው...»

ፈርቼ ነበር። ግን ከፍርሃቱ ሥር ንዴት ተነሳብኝ፣ እንዲህ ያለ ንዴት አውቄ አላውቅም። እናቴ ስትሄድ ማንም አልጠየቀኝም። ትንሽ ነበርኩ፤ ከረሜላ ሰጥተው ጎረቤት ቤት አስቀመጡኝ። አሁን ግን ትንሽ አይደለሁም። እስክሪብቶውም በእኔ እጅ ነው።

«አልጽፍም» አልኩ ወደ በሩ ዞሬ። «እስኪሰለችህ ጠብቅ። አልጽፍም።»

እታለም ቀና ብላ አየችኝ።

ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲለወጥ አየሁ። የድሮ ባልደረቦቿ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ መስመር ላይ የሚደነፋ ደንበኛ ሲገጥማት መጀመሪያ ጭራሽ ዝም ትላለች፣ ከንፈሯን ትሰበስባለች፣ ከዚያ ሰውዬውን እግዜር ይርዳው ይሉ ነበር። ከንፈሯን ሰበሰበች።

«ባዶ ከተተወ ሌላ ሰው ይሞላዋል» አለች። «አምጪው።»

እስክሪብቶውን አልሰጥም አልኩ። ድጋሚ አልጠየቀችኝም፣ እጇን ብቻ ዘረጋች። ሰጠኋት። ከ«አ» ሥር ሁለት ፊደል ጻፈች። ጫን ብላ ነው የጻፈችው፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ።

ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ከዚያ ገለጥኩና አነበብኩት።

አ... ለ... ሁ።

አለሁ።

ቤቱ ጸጥ አለ። የታችኛው ጎረቤት ሬዲዮ፣ የመንገዱ መኪና፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ከዚያ ከበሩ ማዶ... ያ ሁሉ ትህትና ተሟጦ...

«አይገባም።»

እታለም ብርድ ልብሱን ገፈፈች። እግሯን ወደ ወለሉ አወረደች። ልይዛት ስጠጋ በዓይኗ መለሰችኝ። መደገፊያው ላይ የተሰጣውን ልብስ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ወረወረችና ብረቱን ጨበጠች።

ቆመች።

ላብ ፊቷን አጠበው። አንድ እርምጃ... ጥርሷን ነከሰች... ሌላ እርምጃ። እኔ እጄን ዘርግቼ ከኋላዋ። መራመድ የሚማር ሕፃን የምከተል ነው የምመስለው። በሩ ጋ ስትደርስ ግንባሯ እንጨቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ምን አልክ?»

«ቃሉ... አይገባም።»

«አይገባም አይደል?» አለች በዚያ በማዞሪያ ቤት ድምጿ፣ ሕንፃው ሁሉ እየሰማ። «እንግዲያው አንተም አትገባም።»

ከዚያ እንጨት ሲጢጥ አለ። ከባድ ሰው ከመቀመጫው ሲነሳ እንደሚለው። የእግር ኮቴ ግን አልተከተለም።

ክፈቺው አለችኝ። ሞቼ እገኛለሁ አልኳት። ራሷ ከፈተችው።

ወንበር ነው።

አሮጌ የእንጨት ወንበር፣ መደገፊያው ረጅም፣ ፊቱን ወደ እኛ በር አዙሮ ቆሟል። ሌላ ምንም የለም።

የእኛ አይደለም። በየፎቁ እየዞርኩ ጠየቅሁ፤ የእኔ ነው ያለ ሰው የለም። አውርጄ ልጥለው ስል እታለም ከለከለችኝ። «የእኔን መሄድ ቁጭ ብሎ ሊጠብቅ ያመጣው ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ እቀመጥበታለሁ» አለችኝ። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ወይ ፍንክች። አስገባሁት።

በማግስቱ ጋዜጣ አዟሪውን ደረጃው ላይ አገኘሁትና፣ ሳልጠይቀው ይቅርታ አለኝ። ማተሚያው ተበላሽቶ የሳምንቱ መጨረሻ ጋዜጣ አልወጣም ነበር። ለማንም ቤት አላደረሰም።

ሮጬ ለእታለም ነገርኳት። ኩሽና መደገፊያዋን ተጠግታ ቆማ ድንች እየላጠች ነበር። ልጣጩን በዚያው ጋዜጣ ጠቀለለችና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተችው።

ይኸው ዛሬ ያለ መደገፊያ ትራመዳለች። ደረጃ ወርዳ ከአትክልት ሻጩ ጋር ትጨቃጨቃለች፣ ተመልሳ ደግሞ ምግቤ ጨው በዛበት ብላ ከእኔ ጋር። ሐኪሙ ተአምር ነው ሲላት ገላመጠችው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ።

ባለፈው እሁድ፣ ከምሳ በፊት፣ እታለም መታጠቢያ ቤት ፀጉሯን እየታጠበች ነበር። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ የመጋረጃ ጠርዝ እሰፋለሁ። ወንበሩ መስኮቱ አጠገብ ነው። ሻርፗን መደገፊያው ላይ ዘርግታው ሄዳለች።

ዓይኔ እያየ... ሻርፑ መሃሉ ላይ ቀስ ብሎ ተጨማደደ።

አንድ ሰው ጀርባውን ሲያስደግፍበት እንደሚጨማደደው።

መርፌው እጄ ላይ ቀረ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ተከፈተ። እታለም ከፀጉሯ ውሃ እየተንጠባጠበ ወጣች። ወንበሩን አየችው።

አልደነገጠችም... የመጀመሪያ ጊዜዋ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ተነስ» አለችው።

እንጨቱ ሲጢጥ አለ። የሻርፑ ጭምድድ ቀስ... ቀስ... እያለ ተፈታ።

ተቀመጠችበት።